ድምፅ የሌለው አልጋ

ሰልጣኞቿ «ፍሬኗ» ይሏታል። ፊት ለፊቷ «አሰልጣኝ» ነው፤ ከመኪናው ወርደው በሩን ሲዘጉ ፍሬኗ ትሆናለች። በክፋት አይደለም ያወጡላት። የመንጃ ፈቃድ መለማመጃ መኪና በአሰልጣኙ እግር ሥር አንድ ትርፍ ፍሬን አለው፤ የእሷ ቀኝ እግር ደግሞ እዛ ፍሬን ላይ ተወልዶ ያደገ ነው የሚመስለው። ሰልጣኙ «ድመት!» ከማለቱ በፊት መኪናው ቆሟል። ድመቷ ልሻገር ልተው ብላ ሳትወስን መኪናው ቆሟል።

ያን ማክሰኞ ከሰዓት መሪውን የያዙት ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር ነበሩ። አያያዛቸው መኪና የሚነዳ ሰው ሳይሆን ገደል ላይ የተንጠለጠለ ሰው አያያዝ ነው።

«ጋሼ፣ መሪው የትም አይሄድም። ላላ አድርገው ይያዙት።»

«ላላ አድርጌ ነው እኮ!»

«ጣትዎ ነጭ ሆኗል።»

ይኼኔ ስልኳ ጮኸ። ጥግ አስይዛቸው አነሳችው። አማቷ ናቸው።

«የት ነሽ?»

«ሥራ ላይ ነኝ እማማ። ሰልጣኝ ይዤ ነው።»

«ይስማ፣ ምን ችግር አለው። ለቅዳሜ ጠዋት ቀጠሮ ይዤልሻለሁ። የማህፀን ሐኪም ናት፣ ጎበዝ ናት አሉ። እኔም አብሬሽ እገባለሁ።»

«ለምን... ለምኑ ነው እማማ?»

«ለምኑ ትላለች ደግሞ! የልጅ ልጅ በፖስታ የሚመጣ መስሎሽ ነው?»

የሂሳብ መምህሩ የሰው ነገር እንደማይሰማ ሰው አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው የመንገዱን ዛፎች ያዩ ጀመር። አማቷ ስልክ ላይ ሲያወሩ ግን ዛፎቹም ይሰማሉ።

ጉዞ ቀጠሉ። አደባባዩ ጋ ሲደርሱ፣ መንገዱ ባዶ፣ ፊታቸው ሰው የለ፣ እንስሳ የለ፣ መኪናው ቀጥ! ከኋላ ያለው ሹፌር ጥሩምባውን ለቀቀው፣ ስድቡንም አስከተለ።

«ምን ነበር?» አሉ መምህሩ፣ መነጽራቸውን ከጉልበታቸው ላይ እያነሱ።

«ድመት።»

«የለችም እኮ።»

«ሄደች።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ፍሬኗ ካገባች ሁለተኛ ዓመቷን ይዛለች። ባልና ሚስት ግን ገና አልሆኑም። በፊርማ ሆነዋል፤ በፎቶ ሆነዋል፤ ፎቶው ሳሎን ተሰቅሏል፤ አልጋ ላይ ግን ወፍ የለም። ባሏን ትወደዋለች። ሲስቅ ዓይኑ ሥር የሚሸበሸበውን እንኳ ሳይቀር ትወደዋለች። አቅፏት ሲተኛ ደስ ይላታል፣ ሲስማት ደስ ይላታል። ዋናው ነገር ሲቃረብ ግን ማንም ያላዘዘው ነገር ይሆናል። ጭኖቿ ይገጥማሉ፣ ትንፋሿ ይቆማል፣ ታችኛው ሰውነቷ በሙሉ እንደ ግድግዳ ይደርቃል። እንደምንም ይሁን ካሉም እንደ እሳት ያቃጥላታል። እሷ «ይቅርታ» ትላለች፤ እሱ «ምንም አይደል» ይላል፤ ከዛ ሁለቱም ተንጋለው ጣሪያ ያያሉ። የዛን ጣሪያ ነጠብጣብ እንደነሱ የሚያውቅ ሰው የለም።

ዝም ብላ አልተቀመጠችም። የማሰልጠኛው ጸሐፊ «አንድ ብርጭቆ ወይን ጠጪና ግቢ» ብላ መከረቻት። ጠጣች። ከነጫማዋ እስኪነጋ ተኛች። አንድ ጊዜ ደግሞ ለማንም ሳትናገር ሐኪም ጋ ሄደች። ወንድ ነበር፣ ችኩል። ሊያያት ሲጠጋ ከአልጋው ላይ ተስፈንጥራ ግድግዳ ላይ ተለጠፈች። ጓንቱን አውልቆ ወረወረና «አንቺ ራስሽን ዘና ካላደረግሽ ማን ያደርግልሻል? ሂጂና ዘና በይ!» አላት። ሄደችና ዘና ለማለት ታገለች። ከመታገሏ የተነሳ አንገቷ ተቀጨ።

ባሏ ደግሞ አናፂ ነው። አናፂ የዓለም ችግር ሁሉ በእንጨት የሚፈታ ይመስለዋል።

የሚኖሩት እናቱ ቤት ነው። የእነሱን መኝታና የእናቱን መኝታ የሚለየው አንድ የኮምፔርሳቶ ግድግዳ ነው፤ እሱም ስስ። እናቱ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ስልክ ማዞሪያ ቤት ነው፣ ጆሯቸው ላይ ማዳመጫ ሰክተው፣ የአገሩን ሰው ሲያገናኙ። የሰፈሩ ሰው «እማማ ሴንትራል» ይላቸዋል። እሳቸው ጡረታ ወጡ እንጂ ጆሯቸው አልወጣም። ሦስተኛ ቤት ያለ ሰው ሲያስነጥስ «ይማርህ» የሚሉት ከአልጋቸው ሳይነሱ ነው።

ባል አሰበና አሰበና ደረሰበት። አልጋው ነው! አልጋው ይንጫጫል፤ እናቴ ትሰማለች፤ ሚስቴ ታፍራለች፤ ስለዚህ ሰውነቷ ይዘጋል። ወሩን ሙሉ ሌላ ሥራ ትቶ አዲስ አልጋ ሠራ። ምስማር የለው፣ ብሎን የለው፤ ጥርስ በጥርስ አጋጥሞ በኮላ ያያዘው። በርብራቡ መሀል ሱፍ ጨርቅ ጎዘጎዘበት፣ እግሩን ጎማ አጫማው። ዝሆን ቢዘልበት ትንፍሽ የማይል አልጋ! እሷም ተስፋ አደረገች፣ ውሸት ምን ያደርጋል። አልጋው ገባ። አልጋው ዝም፣ እሷ ዝም፣ ግድግዳው እዛው።

መዘዙ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። አሮጌው አልጋ ሲገላበጡ እንኳ ይጮህ ስለነበር እማማ ሴንትራል በሰሙ ቁጥር «ተመስገን፣ ልጆቼ በሰላም ናቸው» ብለው ይተኙ ነበር። አሁን መስመሩ ጸጥ አለ። ጠበቁ፤ የለም። ጆሯቸውን አስጠግተው ጠበቁ፤ የለም። «ወይ ተጣልተዋል፣ ወይ አንዳቸው ታመዋል» አሉና ቀጠሮ ያዙ። ሰውየው ሚስቱን ሊያድን በገዛ መላጊያው አጋለጣት።

ፍሬኗን የሚያስጨንቃት ሐኪሟ ብቻ አይደለችም። ሳሎን፣ ከሠርጋቸው ፎቶ አጠገብ፣ የአማቷ ታናሽ እህት ፎቶ አለ። ቆንጆ ናት፣ ስትስቅ ነው የተነሳችው። «እሷማ ባገባች በሳምንቷ ተመለሰች» ይላሉ አማቷ ሰው ሲጠይቅ፤ ከዛ አፋቸው ግጥም ይላል። ያቺ ሴት ዳግመኛ ሳታገባ፣ ከቤት ሳትወጣ ነው የሞተችው። ለምን እንደተመለሰች ማንም አልተናገረም። ፍሬኗ ግን ፎቶውን ባየች ቁጥር ገብቷታል፣ ወይም የገባት መስሏታል። ቅዳሜ አማቷ ሐኪም ቤት አብረዋት ከገቡ፣ ቀጥሎ የምትመለሰው እሷ ናት።

ሐሙስ ከሥራ በቀጥታ ባሏ ወርክሾፕ ሄደች። ሰጋቱራው እስከ ቁርጭምጭሚት ነው። ሳንቃ እየላገ ነበር።

«ቅዳሜ እናትህ አብረውኝ ሊገቡ ነው።»

«ሰማሁ።»

«ሰምተህ ምን አልክ?»

«ምን ልበል?»

«ለጊዜው ልጅ አንፈልግም በላታ!»

«ብያታለሁ። 'ልጅ የማይፈልግ ሰው አልጋም እኮ ድምፅ አለው' አለችኝ።»

ይኼኔ ግድግዳው ጋ ከቆመ ቁም ሣጥን ውስጥ የሰው ድምፅ ወጣ። «እኔ የማውቀው መድኃኒት አንድ ነው። ወንድ መሆን!» ቫርኒሽ ቀቢው ነበር፤ ውስጥ ገብቶ ጥጉን እየቀባ።

ፍሬኗ ባሏን አየችው። ባሏ ሳንቃውን አየ።

«ነገርከው?»

«ለእሱ ብቻ ነው የነገርኩት።»

«ለእሱ ብቻ? ቁም ሣጥን ውስጥ ሆኖ ነው እኮ የሚያማክረኝ!»

ቀቢው ብሩሹን ይዞ ብቅ አለ። «እህቴ አትቆጪ። ወንዱ ትንሽ ጨከን ካለ ያልፋል ነው የምለው። አንድ ቀን ጠንከር ብሎ...»

ባል መላጊያውን አስቀመጠ። ቀስ ብሎ ነው ያስቀመጠው፤ ለዚህ ነው የሚያስፈራው። «እሷ 'ቆይ' ስትለኝ እቆማለሁ። ሌላ ምክር ካለህ ከነቀለምህ ውጣ።»

ቀቢው ከነቀለሙ ወጣ። ሁለቱ ቀሩ። ፍሬኗ አመስግና ልታቅፈው ስትል እሱ ፊቱን ወደ መስኮቱ መለሰ።

«እኔም ሰው ነኝ» አለ። «አንዳንዴ የምትጠይኝ ይመስለኛል።»

«አልጠላህም! አንድ ቀን ጠልቼህ አላውቅም!»

«አፍሽ ይነግረኛል። ሰውነትሽ ግን ሌላ ነው የሚለኝ። የቱን ልስማ?» ሰጋቱራውን ከክንዱ ላይ አራገፈ። «ከቅዳሜ በኋላ ምን እንደምንሆን አላውቅም። እንደዚህ መኖር ግን ደክሞኛል።»

ወደ ቤት ስትሄድ አውቶቡሱ ውስጥ ተሳፋሪ ሆና እንኳ ቀኝ እግሯ ወለሉን እየረገጠ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰች፤ የማይፈልጉት ቀን አያረፍድም። አማቷ ለሠርግ የሚለብሱትን ቀሚስ ለብሰው፣ ቦርሳቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ የመጠበቂያው አግዳሚ ላይ ተቀመጡ። ተራ እስኪደርስ አጠገባቸው ያሉትን ሴቶች ሁሉ የስንት ወር እንደሆኑ ጠይቀው ጨርሰው ነበር፤ አንዷ የመጣችው መድኃኒት ለመሸጥ ነው። የፍሬኗ ስም ሲጠራ ቀድመው የተነሱት እሳቸው ናቸው።

ዶክተሯ በር ላይ ቆመች። አጭር፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። «እርስዎ እዚህ ይቆዩ እናቴ።»

«እናቷ ነኝ።»

«እናቷ ነዎት አማቷ?»

«ምን ልዩነት አለው?»

«የለውም። ሁለቱም ውጪ ነው የሚጠብቁት።» በሩ ተዘጋ። እማማ ሴንትራል ሲናገሩ መስመር የቆረጠባቸው ሰው በሕይወታቸው ይህች የመጀመሪያዋ ሳትሆን አትቀርም።

ፍሬኗ ውስጥ ገብታ ተቀመጠች። «ምን ልርዳሽ?» አለች ዶክተሯ።

«እማማ የልጅ ልጅ...»

«እማማ ውጪ ናቸው። አንቺስ?»

ፍሬኗ ወለሉን አየች። ዶክተሯ ስለ ወር አበባዋ ጠየቀች፤ መለሰች። ከባልሽ ጋር ስትገናኙ ያምሻል ወይ ስትላት «አያመኝም» አለች። ውሸት አይደለም፤ ያልተገናኘ ሰው ምን ያመዋል? «እንግዲያው ከፈቀድሽ ልይሽ» ተባለች፤ «እሺ» አለች፤ አልጋው ላይ ወጣች። የጓንቱን ድምፅ ሰማች። ሌላ አልሰማችም። ዶክተሯ ገና ወንበሯን ስትስብ፣ እጇ ሳይዘረጋ፣ ጉልበቶቿ ገጭ ብለው ገጠሙ፣ ወገቧ ከአልጋው ተነሳ፣ ትንፋሿ ጉሮሮዋ ላይ ቀረ። የአልጋውን ጠርዝ ጨምድዳ ይዛ ጣቷን ስታየው ነጭ ሆኗል። ዓይኗን ጨፍና ጠበቀች፤ «ዘና በይ» የምትለዋን ቃል።

አልመጣችም። የመጣው የወንበር ድምፅ ነው፤ ወደ ኋላ ሲሄድ።

«ተነሺ፤ ልበሺ።»

«ይቅርታ ዶክተር! አንዴ ይሞክሩ፣ ጥርሴን ነክሼ እችለዋለሁ...»

«እዚህ ቤት ጥርስ ተነክሶ የሚታይ ነገር የለም። ልበሺና እናውራ።»

ለብሳ ተቀመጠች። ተባረርኩ ብላ ነበር፤ ዶክተሯ ግን ውሃ ቀዳችላት። «ከባልሽ ጋርም እንዲህ ነው የሚሆነው?»

ያኔ እንባዋ መጣ። እንባ ብቻ አይደለም፤ አልጋው፣ ጣሪያው፣ ወይኑ፣ ቁም ሣጥኑ፣ ሁሉም ተከታትሎ መጣ። ዶክተሯ አላቋረጠቻትም። ስትጨርስ «ስም አለው» አለቻት።

«ምኑ?»

«ይኼ የሚሆንብሽ ነገር። ቫጂኒስመስ ይባላል።»

«እስኪ ይድገሙልኝ።»

ደገመችላት። የበሽታ ስም ሰምቶ እንደ ሎተሪ ዕጣ ደስ ያለው ሰው ቢኖር እሷ ናት። ስም ካለው ሌላም ሰው ይዞታል ማለት ነው።

«በብልትሽ ዙሪያ ያሉት ጡንቻዎች የሆነ ነገር ሊገባ ነው ብለው ሲጠረጥሩ ራሳቸው ይጨመደዳሉ። አንቺ አላዘዝሻቸውም። ዓይንሽ ላይ ነገር ሲወረወር አስበሽ ነው የምትጨፍኚው?»

«እግሬም እንደሱ ነው» አለች ፍሬኗ፣ አፍንጫዋን እየጠረገች። «ፍሬን ላይ።» ሥራዋን ነገረቻት።

«እግርሽን ተቆጥተሽው ያውቃል?»

«ስንቴ! ጭራሽ ይብስበታል።»

«ይኼም እንደዛው ነው። ስትቆጪው ይብስበታል፤ ቀስ ብሎ ሲለምድ ይለቃል። ሲፈራ የኖረ ነገር ስለሆነ መልመድ አለበት።»

«ግን ለምን እኔ ላይ?»

«አንዳንዱ ክፉ ነገር ደርሶበት ነው። አንዳንዱ ልጅ ሆኖ የሰማው ወሬ ነው። አንዳንዱ ደግሞ ምክንያቱ ተፈልጎም አይገኝም። አፈጣጠርሽ ጎደሎ ነው ማለት አይደለም፤ ባልሽን ጠላሽው ማለትም አይደለም።»

ፍሬኗ አንድ ነገር ትዝ አላት። ልጅ ሆና፣ አንዲት ዘመድ ልትዳር ስትል፣ ትልልቆቹ ሴቶች ጓዳ ተሰብስበው ሙሽራዋን ሲመክሩ በር ሥር ቁጭ ብላ ሰምታለች። «ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው» ነበር ምክሩ። ከዛ ሳቁ። እሷ ግን አልሳቀችም።

«ይድናል?»

«አብዛኛው ሰው ይሻለዋል። ጊዜ ይፈልጋል። የጡንቻውን ልምምድ የምታሳይሽ ፊዚዮቴራፒስት አለችን፤ የምታዋሪያት የሥነ ልቦና አማካሪም አለች። ባልሽንም አምጪው። አንድ ሕግ ብቻ አለ፤ ማስገደድ የለም። እሱም፣ እኔም፣ አንቺም ራስሽን።»

ሦስተኛዋን ማንም ነግሯት አያውቅም ነበር።

ከክፍሉ ስትወጣ አማቷ በሩ ሥር ቆመዋል። የሐኪም ቤቱ በር ወፍራም ነው፤ ፊታቸው እንደተቆጣ ነው፣ አልሰሙም።

«ምን አለችሽ?»

አግዳሚው ሙሉ ሰው ነው። «ወጣ እንበል እማማ» አለችና ደረጃው ጋ ወሰደቻቸው። መዋሸት ትችል ነበር። «ደም ማነስ ነው» ብትል ያልፋል፤ ሁሌም ያልፋል። ያ ፎቶ፣ ያ የምትስቅ ፊት፣ ዓይኗ ላይ መጣ። የባሏም ድምፅ መጣ፣ «ደክሞኛል» ያለው። ተናገረችው። ሁሉንም። «እኔና ልጅዎ እስከ ዛሬ...» ብላ ጀመረች፣ በበሽታው ስም ጨረሰች።

እማማ ሴንትራል ዝም አሉ። እሳቸው ዝም ሲሉ ያየ ሰው ስለሌለ፣ ፍሬኗ ይኼ ዝምታ ከቁጣ ይብስ አይብስ የምታመሳክርበት ነገር አልነበራትም።

«ስሙን ድገሚው» አሉ በመጨረሻ።

«ቫጂኒስመስ።»

«ቫጂ... ስም አለው?»

«አለው እማማ።»

«መድኃኒትስ?»

«ልምምድ ነው። አብዛኛው ይሻለዋል ብላለች።»

አማቷ የሠርጉን ቀሚስ ሳይሰበስቡ ደረጃው ላይ ተቀመጡ። ቦርሳቸውን ከፈቱ፣ ዘጉ። «እህቴን በዚህ ነው የመለሷት» አሉ። «'ዝግ ናት' አሏት፣ በሰው ፊት። መጥታ ስትነግረኝ እኔ ምን አልኳት መሰለሽ? 'ጥርስሽን ነክሰሽ ቻይው።' ስም እንዳለው ማን ነገረን? ስም አለው ብንባል እኮ...» አልጨረሱትም።

ፍሬኗ፣ አሁን ይሆናል ልብስሽን ሰብስቢ የሚሉኝ፣ ብላ ቆማ ጠበቀች።

ቀና ብለው አዩዋት። «ልጄ አስገድዶሽ ያውቃል?»

«አንድ ቀን እንኳ። ቆይ ስለው ይቆማል።»

«እንኳን! አድርጎት ቢሆን ከዛ ቤት የሚመለሰው እሱ ነበር።» የሚኖረው የገዛ እናቱ ቤት ሆኖ ወዴት እንደሚመልሱት አልተናገሩም። «እጅሽን ስጪኝ፣ አንሺኝ። እኔ በመስመር የሰማሁትን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። አሁንም አልናገርም።»

ማታ ራት ሳይቀርብ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው፣ ስሙንም ጭምር። ባል ጭንቅላቱን ይዞ «ታዲያ አልጋው አልነበረም?» አለ። ያ አልጋ አድክሞታል፤ ይዘኑለት።

ፊዚዮቴራፒስቷ ትልልቅ እጅና ለስላሳ ድምፅ ያላት ሴት ናት። መጀመሪያ ያስተማረቻት መተንፈስ ነው፤ ሆድ ድረስ። ከዛ እነዛን ጡንቻዎች መጨበጥና መልቀቅ። ፍሬኗ ይኼም ሥልጠና እንደ እሷ ሥልጠና ይጀምራል ብላ አላሰበችም ነበር፤ እሷም ፈሪ ሰልጣኝ ሲመጣላት በመጀመሪያው ቀን ሞተር አታስነሳም፣ ዝም ብሎ ወንበሩ ላይ እንዲቀመጥ ነው የምታደርገው። ቀጥሎ አንድ ሣጥን ተከፈተ። ከትንሽ ጣት የቀጠነ፣ ከዛ ወፈር፣ ከዛ ወፈር እያለ የሚሄድ ልስልስ መለማመጃ ነው፤ ራሷ፣ በራሷ እጅ፣ ራሷ በፈቀደችው ጊዜ፣ ከትንሹ ጀምራ ሰውነቷን የምታለማምድበት። አብሯት የመጣው ባሏ አንዱን አንስቶ ብርሃን ላይ አገላበጠው። ዓይኑ በራ።

«ይኼማ ቀላል ነው! እኔ በጥሩ እንጨት እሠራላታለሁ፣ አለስልሼ...»

«እንጨት አይሆንም» አለች ፊዚዮቴራፒስቷ።

«ቫርኒሽ ብቀባውስ?»

«አንተ ሰው፣ ተቀመጥ!» አለች ሚስቱ። ከዛ ሳቋ አመለጣት፤ እሱም ሳቀ፤ ዓይኑ ሥር ተሸበሸበ። አብረው ከሳቁ ቆይተው ነበር።

የእሱ ሥራ ከሁሉ የከበደ ሆነ። ምንም አለመሥራት። አጠገቧ መቀመጥ፣ እጇን መያዝ፣ አለመጠገን። ለአናፂ ይኼ እስር ነው።

ሁሉም ነገር ቀጥ ብሎ ሄደ ብዬ አልዋሽም። ፍሬኗ የሙያ ልክፍቷን ይዛ መጥታ ለራሷ የፈተና ቀን ቆረጠች። «በወሩ መጨረሻ አልፋለሁ» አለች፣ ለሰልጣኞቿ እንደምትለው። ልምምዱን አጣደፈችው። የወሩ መጨረሻ መጣ፤ ሰውነቷ ከመጀመሪያው ቀን ብሶ ተዘጋ። ሣጥኑን መሳቢያ ውስጥ ወርውራ ቆለፈችበት። ባል ፊቱ ጠቆረ፤ «ሥራ አለብኝ» ብሎ ወርክሾፕ አደረ። በማግስቱም አደረ። እሷም ዳገት ላይ ሰልጣኝ ይዛ እንባ እንባ እያላት ዋለች። አለቀልን አለች። ልብሷን ሳይሏት ራሷ ልትሰበስብ ምንም አልቀራትም።

ፊዚዮቴራፒስቷ ስትሰማ አልደነቃትም። «ይኼ የፈተና ቀን የለውም። ወደ ትንሹ ተመለሺ። እሑድ ከሰዓት ደግሞ ከኋላ ያለው ክፍል ነይ፤ እንዳንቺ ያሉ ሴቶች ይሰበሰባሉ።» ፍሬኗ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ነኝ ብላ የኖረች ሴት፣ እሑድ ክፍሉ ገብታ መቀመጫ አጣች። ከጎረቤት ክፍል ወንበር መጣላት። አጠገቧ ፍርድ ቤት የምትከራከር ጠበቃ ነበረች፤ በወዲያ በኩል ዓሣ ነጋዴ። ጠበቃዋ «እኔ ባሌን ነው መጀመሪያ የከሰስኩት» አለች፤ ሴቶቹ ሳቁ፣ ፍሬኗም ከእነሱ ጋር። ከዛ በቀጥታ ወርክሾፕ ሄደች።

«ቀን ቆርጬ ነበር፤ ቀኑን ሰርዤዋለሁ» አለችው። «ከደከመህ ደክሞሃል፤ አልከስህም። ግን ና ቤትህ እደር።»

መላጊያውን ሰቀለ፣ መጣ።

አማቷስ? አማቷ አንድ አሮጌ ሬዲዮ ከዕቃ ቤት አወጡ። አቧራውን ጠርገው ኮምፔርሳቶው ላይ አስጠግተው አስቀመጡት። ራት ተበልቶ ልጆቹ ወደ ክፍላቸው ሲገቡ እስከ ጥጉ ይከፍቱታል። ዜና ይሁን፣ የእግር ኳስ ይሁን፣ ስለ ማዳበሪያ ውይይት ይሁን፣ ግድ የላቸውም። ጎረቤት ሊታገስ ሞከረ፤ አልቻለም። «እማማ ሴንትራል፣ ምነው? ጆሮዎ ደከመ እንዴ?» አሏቸው ግቢው በር ላይ፣ በሰው መሀል። በዚያ ጆሮ የኮሩ ሴት፣ ሦስተኛ ቤት ያለ ማስነጠስ የሚሰሙ ሴት፣ መሬት መሬት እያዩ «አዎ፣ እያረጀሁ ነው» አሉ። ፍሬኗ መስኮት ላይ ሆና ሰማች።

ወራት ሄዱ። ሣጥኑ ውስጥ ካለው ትንሹ አልፎ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው አልፎ ሌላው። አንዳንድ ሳምንት ወደ ኋላ፤ ከዛ መተንፈስ፤ እንደገና። አንድ ምሽት፣ ምንም ቀን ሳይቆረጥ፣ ራት ላይ ባሏ አንድ የሞኝ ቀልድ ቀልዶ እሷ እየሳቀች ወደ ክፍላቸው ገቡ። ከግድግዳው ወዲያ ሬዲዮኑ አንድ ሰውዬ ስለ ጎርፍ መከላከያ ቦይ ያስረዳበታል፤ በጣም ያስረዳል። መሀል ላይ ያ የድሮው ነገር መጣ፤ ጉልበቷ ሊገጥም ሲል ተሰማት። «ቆይ» አለች። ቆመ። ተነፈሰች፣ ሆዷ ድረስ። ጠበቀችው። ሰውየው ስለ ቦዩ ጥልቀት ተናገረ። ጉልበቷ ቀስ ብሎ ለቀቀ።

«እሺ» አለች።

አልጋው ትንፍሽ አላለም። ጥሩ አናፂ ነው ባሏ።

ሲጨርሱ አቅፏት፣ እሷ ታልቅስ ትሳቅ እሱም አላወቀም። ግድግዳው ይኼኔ ተንኳኳ። ቀስ ብሎ፣ በአንድ ጣት።

«ልጆች!» አሉ አማቷ ከወዲያ። «ባትሪው እያለቀ ነው፤ ልዝጋው?»

ባል ሊመልስ አፉን ከፈተ። ፍሬኗ አፉን በእጇ ያዘችው።

«ትንሽ ይቆይ እማማ!»